ፍርምባ በስሎው ኩከር፦ በሹካ የሚቆረስ ሥጋ እንዴት ይሠራል?

«8 ሰዓት ሙሉ አበሰልኩት። ለምን ጠነከረብኝ?»

ፍርምባን በስሎው ኩከር፣ ማለትም በኤሌክትሪክ ቀስ እያለ በሚያበስል ድስት፣ ከሚሠሩ ሰዎች ይህን ጥያቄ በየጊዜው እጠየቃለሁ። ጠያቂው ሁሉ የሚጠረጥረው አንድ ነገር ነው፤ ሥጋው ብዙ ቆይቶ ደረቀ ብሎ ያስባል። ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ቀደም ብሎ ያወጣዋል። ያኔ ይባስ ብሎ ይጠነክራል። አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ፍርምባው ከልክ በላይ መብሰሉ አይደለም። ገና አልደረሰም።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ፍርምባ የከብቱ የደረት ሥጋ ነው። እንስሳው ሲቆምም ሲራመድም የፊት እግሮቹ ላይ የሚያርፈውን ክብደት የሚሸከመው ይህ ጡንቻ ነው፤ ስለዚህ በጅማት የተሞላ ነው። የሥጋው የውስጥ ሙቀት ወደ 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ ክሮቹ ይኮማተራሉ፣ ውሃቸውንም ይለቃሉ። ጅማቱ ግን ገና እንዳለ ነው። በዚህ መሃል ብትቀምሱት ያታክታል፤ እያኘካችሁት አያልቅም። ሙቀቱ ከ70 ዲግሪ አልፎ ለሰዓታት ሲቆይ ነው በጅማቱ ውስጥ ያለው ኮላጅን ቀስ በቀስ ቀልጦ ጄላቲን የሚሆነው። ክሮቹን የሚያላቅቃቸው፣ አፍ ውስጥም ያንን ልስላሴ የሚሰጠው ጄላቲኑ ነው። ከዚህ በታች ያለው እርምጃ ሁሉ ለዚህ ለውጥ ጊዜና ትክክለኛ ሁኔታ ለመስጠት ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ለ6 ሰው ገደማ ይበቃል። ሥጋው ሲበስል ከክብደቱ ሲሶ ያህሉን ሊያጣ ስለሚችል በጥሬው መጠን አትገምቱ።

- ፍርምባ፣ ከ1.5 እስከ 2 ኪሎ
- ደቃቅ ጨው፣ ለ1 ኪሎ ሥጋ 2 የሻይ ማንኪያ (12 ግራም ገደማ)
- የተፈጨ ቁንዶ በርበሬ፣ 2 የሻይ ማንኪያ
- ፓፕሪካ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ
- ትልልቅ ቀይ ሽንኩርት፣ 2
- ነጭ ሽንኩርት፣ 5 ወይም 6 ፍሬ
- የቲማቲም ድልህ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ
- ጨው ያልበዛበት የሥጋ መረቅ፣ 1 ኩባያ (240 ሚሊ ሊትር)
- ኮምጣጤ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ
- ጦስኝ፣ ትንሽ
- ዘይት፣ 2 የሾርባ ማንኪያ
- የበቆሎ ስታርች፣ 1 የሾርባ ማንኪያ (መረቁ እንዲወፍር ከፈለጋችሁ)

ከዕቃ ደግሞ 5 ወይም 6 ሊትር የሚይዝ ስሎው ኩከር፣ ወፈር ያለ መጥበሻ፣ የሥጋ ማንሻ፣ መክተፊያ፣ ሹካ፣ ስለታም ቢላ። የሥጋ ቴርሞሜትር ካላችሁ ሥራውን ያቀልላችኋል። ከሌላችሁ ሹካው ይበቃል።

ከመጀመራችሁ በፊት ልብ በሉ

በረዶ የሆነ ሥጋ ድስቱ ውስጥ አትክተቱ። ስሎው ኩከር የሚሞቀው ቀስ እያለ ነው። ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ያለው ሙቀት ባክቴሪያ በፍጥነት የሚራባበት ነው፤ በረዶ የሆነ ሥጋ እዚህ መሃል ለሰዓታት ይቆያል። አንዳንድ ባክቴሪያዎች የሚተዉት መርዝ በኋላ በማብሰል አይጠፋም። ስለዚህ ሥጋውን ከአንድ ቀን ወይም ከሁለት ቀን በፊት ከፍሪዘር አውጥታችሁ ፍሪጅ ውስጥ ይቅለጥ። ጠረጴዛ ላይ አታስቀምጡት።

ጥሬ ሥጋ ቧንቧ ስር አትጠቡ። የሚረጨው ውሃ ጀርሙን ወደ ዕቃችሁና ወደ ሌላው ምግብ ያዳርሰዋል። ሥጋውን የሚያጸዳው እሳቱ ነው።

የስሎው ኩከሩን የውስጥ የሴራሚክ ድስት ከፍሪጅ አውጥታችሁ ወዲያው አታግሉት። ትኩስ ሆኖ ሳለም ቀዝቃዛ ውሃ አታፍስሱበት፤ ይሰነጠቃል። አምራቹ ይቻላል ካላለ በቀር ምድጃ ላይ አታስቀምጡት።

እናንተ ቤት ሳትኖሩ መብራት ጠፍቶ ከነበረና ለምን ያህል ጊዜ እንደጠፋ ካላወቃችሁ ምግቡን ጣሉት። ያሳዝናል፣ አውቃለሁ። በማየትም ሆነ በማሽተት መለየት ግን አይቻልም።

አሠራሩ

1. ሥጋውን ምረጡ።

ፍርምባ ሁለት ክፍል አለው። አንዱ ጠፍጣፋና ስስ ስብ ያለው ነው። ሌላው ወፍራምና በመሃሉ ስብ የተሰራጨበት ነው። ጠፍጣፋው ተስተካክሎ ይቆረሳል፣ ሰሃን ላይም ያምራል፤ ነገር ግን ካለፈበት ቶሎ ይደርቃል። ወፍራሙ ስህተት ይችላል። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሠሩ ከሆነ ወፍራሙን፣ ካልሆነም ከሁለቱም የያዘ ቁራጭ እንዲሰጣችሁ ሥጋ ሻጩን ጠይቁ። ዳር ዳሩ ቀጭን ሆኖ መሃሉ የወፈረ ቁራጭ አትውሰዱ፤ መሃሉ እስኪደርስ ዳሩ ይደርቃል።

2. ስቡን አስተካክሉ፣ ክሩንም አሁኑኑ እዩ።

ላይኛውን ስብ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል አስቀርታችሁ ሌላውን ቁረጡት። ጭራሽ ካነሳችሁት ሥጋው ሽፋን ያጣል። ብዙ ካስቀራችሁ ደግሞ ቀልጦ መረቁ ላይ ይንሳፈፋል። በሁለቱ ክፍሎች መሃል የሚገኘውን ጠጣር ስብ የቻላችሁትን ያህል አውጡት፤ የቱንም ያህል ቢበስል በደንብ አይቀልጥም። የብር መልክ ያለውን ስስ ሽፋን በቢላ ጫፍ ገፍፉት። እሱም እንደ ሌላው ጅማት አይቀልጥም።

ቢላውን ከማስቀመጣችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉ። የሥጋውን ክር ተመልከቱ። እንደ ገመድ ጎን ለጎን የተኙ ቀጫጭን መስመሮች ታያላችሁ። አንዱን ጥግ ክሩን አቋርጣችሁ ትንሽ ቁረጡለት። ይህ ምልክታችሁ ነው። ሥጋው ቡናማ ሆኖና መረቅ ለብሶ ሲወጣ ክሩ ወዴት እንደሚሄድ ለማየት ያስቸግራል፤ ያኔ ምልክቱን ታመሰግኑታላችሁ።

3. ከዋዜማው ጨው ቀቡት።

ጨውን፣ ቁንዶ በርበሬንና ፓፕሪካን ቀላቅላችሁ ሁሉንም ገጽ እሹት። ሳትሸፍኑ ፍሪጅ ውስጥ፣ ታችኛው መደርደሪያ ላይ አሳድሩት። ጨው መጀመሪያ ከሥጋው ውሃ ይስባል፤ ቆይቶ ውሃው ከነጨው ተመልሶ ይገባል። በዚህ መንገድ ጣዕሙ ከላይ ብቻ ሳይቀር ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ገጹም ይደርቃል፤ ለሚቀጥለው እርምጃ የሚፈለገው ይኼ ነው። ጊዜ ካጣችሁ ከማብሰላችሁ በፊት ለ1 ሰዓት ብቻ ቀብታችሁ አቆዩት። ያንን ያህል አይሆንም፤ ግን ይበላል።

4. በመጥበሻ አቅሉት።

ሥጋውን በሶፍት ጥርግ አድርጋችሁ አድርቁት። መጥበሻው ላይ ዘይት አድርጋችሁ በደንብ አግሉት። ሥጋውን አስቀምጡና አትንኩት። እያንዳንዱ ገጽ ከ4 እስከ 5 ደቂቃ ይፈልጋል። ለመገልበጥ ስትሞክሩ ከያዘ ገና ነው ማለት ነው፤ ሲቀላ በራሱ ይለቃል። ጎን ጎኑንም በማንሻ ይዛችሁ አስነኩት።

ብዙ ሰው ይህን የሚያደርገው «ጭማቂውን ለመዝጋት» ይመስለዋል። ጭማቂ አይዘጋም። ጥቅሙ ለጣዕም ነው። ስሎው ኩከር ውስጥ ያለው ሙቀት ከፈላ ውሃ አይበልጥም፤ በዚያ ሙቀትና እርጥበት ሥጋ ቡናማ አይሆንም። የተጠበሰ ሥጋን ሽታና ጣዕም የሚሰጠው ለውጥ ከ140 ዲግሪ ገደማ በላይና ደረቅ ገጽ ይፈልጋል። ይህን እርምጃ ብትዘሉ ሥጋው ይለሰልሳል፤ ጣዕሙ ግን ቅቅል ይሆናል።

5. ሽንኩርቱን በዚያው መጥበሻ ላይ።

ሥጋውን አውጡ። ወፈር ወፈር ተደርጎ የተከተፈውን ሽንኩርት ጨምሩና እስኪለሰልስ አቁላሉት። ነጭ ሽንኩርቱንና ድልሁን ጨምራችሁ ለ2 ደቂቃ አማስሉ፤ የድልሁ የጥሬነት ጣዕም ይጠፋል። ከዚያ መረቁንና ኮምጣጤውን አፍስሱና መጥበሻው ላይ የያዘውን ቡናማ ነገር በእንጨት ማንኪያ ፋቁት። እሱን ከጣላችሁ ከጣዕሙ ግማሹን ጣላችሁ።

6. ድስቱን ደርድሩ።

ካሮት ወይም ድንች የምትጨምሩ ከሆነ በትልልቁ ቁረጡና ከታች አድርጉ። ሥራ ሥሮች ስሎው ኩከር ውስጥ ከሥጋ ቀስ ብለው ነው የሚበስሉት፤ ሙቀቱ የሚበረታውም ከታችና ከጎን ነው። ከላያቸው ሽንኩርቱን ከነመረቁ አፍስሱ። ሥጋውን ስቡ ወደ ላይ እንዲሆን አድርጋችሁ አስቀምጡ። ጦስኙን ጣል አድርጉበት።

መረቁ የሥጋውን ሲሶ ያህል ከነካ ይበቃል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይፈራና ሥጋው እስኪሰጥም ይሞላል። እኔም መጀመሪያ ሰሞን እንደዚያ አደርግ ነበር፤ የሚወጣው ለስላሳ ግን ጣዕሙ መረቁ ውስጥ የቀረ ሥጋ ነበር። ክዳኑ እንፋሎቱን መልሶ ያወርደዋል፤ ሥጋውም የራሱን ውሃ ይለቃል። ሲያልቅ ድስቱን ስትከፍቱ ከጨመራችሁት በላይ መረቅ ታገኛላችሁ።

ሥጋው አልገባ ካለ አታጥፉት፣ አትጠቅጥቁትም። የታጠፈበት ቦታ ሳይበስል ይቀራል። ለሁለት ቁረጡት። ድስቱ በጠቅላላው ከግማሽ እስከ ሁለት ሦስተኛ ቢሞላ ጥሩ ነው። በጣም ከጎደለ ያርራል፤ ከሞላ ደግሞ ለመሞቅ ይዘገያል።

7. ክደኑትና ተዉት።

በ«ሎው» (ዝቅተኛው ሙቀት) ከ8 እስከ 10 ሰዓት፣ በ«ሃይ» (ከፍተኛው ሙቀት) ከ5 እስከ 6 ሰዓት። ከቻላችሁ «ሎው»ን ምረጡ። በብዙ ማሽኖች ሁለቱም በመጨረሻ የሚደርሱበት ሙቀት ተቀራራቢ ነው፤ ልዩነቱ የሚደርሱበት ፍጥነት ላይ ነው። በ«ሎው» ሲሆን ክሮቹ ከመድረቃቸው በፊት ኮላጅኑ የሚቀልጥበት ጊዜ ያገኛል። «ዋርም» የሚለው ግን የበሰለ ምግብ ማቆያ ነው፤ በእሱ አታብስሉ።

ጊዜውን የሚወስነው ከክብደቱ ይልቅ ውፍረቱ ነው። 2 ኪሎ የሚመዝን ጠፍጣፋ ቁራጭ 1.5 ኪሎ ከሚመዝን ድብልብል ቀድሞ ሊደርስ ይችላል።

ክዳኑን አትክፈቱ። ሽታው ቤቱን ሲሞላው እጅ ይበላል፣ ይገባኛል። አንድ ጊዜ በከፈታችሁ ቁጥር ግን የወጣውን ሙቀት ለመመለስ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጃል። አራት ጊዜ የከፈተ ሰው እስከ 2 ሰዓት አጣ ማለት ነው። ከዚያ «8 ሰዓት አበሰልኩት» ይለኛል።

8. በሹካ ፈትኑት።

የመጀመሪያው ፈተና 8 ሰዓት ሲሞላ ነው (በ«ሃይ» ከሆነ 5 ሰዓት ሲሞላ)። ሹካውን የሥጋው ወፍራም ቦታ ላይ ሰክታችሁ ወደ ላይ ሳቡት። ሥጋው ሹካውን ይዞ አብሮ ከተነሳ አልደረሰም። አሁን ደግሞ ሹካውን እንደ ቁልፍ አዙሩት። ክሮቹ ያለ ትግል ከተላቀቁ ደርሷል። በመሃል ያለውን ስሜትም ልመዱት፤ ሹካው ይገባል፣ ሲዞር ግን እንደ ላስቲክ ተመልሶ ይገፋችኋል። ያ 1 ሰዓት ያህል ይቀረዋል።

በቴርሞሜትር ከሆነ ከ93 እስከ 96 ዲግሪ ፈልጉ። 63 ዲግሪ ላይ ለጤና አስጊ አይደለም፤ ለጥርስ ግን ገና ነው። ቴርሞሜትሩ 93 እያለ ሹካው እንቢ ካለ ሹካውን እመኑ።

9. አሳርፉት።

በጥንቃቄ አውጡት፤ ለስላሳ ስለሆነ በማንሻ ብቻ ከያዛችሁት ይበጠሳል። ከስሩ ሰፊ ጭልፋ ግቡለት። መክተፊያ ላይ አድርጋችሁ በፎይል ሸፈን አድርጉትና ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ተዉት። ወዲያው ብትቆርጡት ፈሳሹ መክተፊያው ላይ ይፈሳል። ሲያርፍ ጄላቲኑ ትንሽ ይወፍርና እርጥበቱን ይይዛል።

10. መረቁን አስተካክሉ።

ሥጋው እያረፈ ሳለ መረቁን ወደ ድስት ገልብጡ። ላይ የተንሳፈፈውን ስብ በማንኪያ እየቀዘፋችሁ አውጡ። ያለ ክዳን ለ10 ወይም ለ15 ደቂቃ አፍሉት፤ ይወፍራል፣ ጣዕሙም ይጠነክራል። ወፍራም ከፈለጋችሁ ስታርቹን በ2 የሾርባ ማንኪያ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጣችሁ ጨምሩ። ደረቁን ብትበትኑበት ይጓጉላል። ጨው የምትቀምሱት መጨረሻ ላይ ነው፤ ቀድማችሁ ካስተካከላችሁት ሲተን ጨው ይበዛዋል።

11. ክሩን አቋርጣችሁ ቁረጡ።

ይህ ላይ የተበላሸ ጥሩ ፍርምባ ብዙ አይቻለሁ። በምልክታችሁ አቅጣጫ፣ የእርሳስ ውፍረት ያህል አድርጋችሁ ቁረጡ። ክሩን ተከትላችሁ ከቆረጣችሁ እያንዳንዱ ጉርሻ ረጅም ገመድ ይሆናል። ካቋረጣችሁት ክሩ አጭር ስለሚሆን ጥርስ ብዙ አይለፋም። የጠፍጣፋውና የወፍራሙ ክፍል ክር አቅጣጫው ይለያያል። ስለዚህ ሁለቱንም ከያዘ መጀመሪያ ለያዩአቸው፤ ወይም መሃል ላይ ስትደርሱ ሥጋውን አዙሩት።

የሚያጋጥሙ ችግሮች

ሥጋው ጠንካራ ነው፣ ሹካም አልገባም፦ አልደረሰም። መልሳችሁ ክደኑት፣ ከ45 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ጨምሩለት፣ ደግማችሁ ፈትኑ። እንግዳ ደርሶ ከሆነ ቀጫጭን አድርጋችሁ ክሩን አቋርጡና በመረቁ ውስጥ ምድጃ ላይ ቀስ ብላችሁ አንተክትኩት። ስስ ቁራጭ ቶሎ ይለሰልሳል።

ሥጋው ይፈራርሳል፣ አፍ ላይ ግን ደረቅ ነው፦ አለፈበት። መልሶ ማስተካከል አይቻልም። በሁለት ሹካ ዘንጥሉትና በወፈረው መረቅ ለውሱት፤ ለሳንድዊች ያምራል።

መረቁ ቀጭን ነው፣ ጣዕም የለውም፦ ፈሳሽ አብዝታችኋል። አፍልታችሁ አሳንሱት። ትንሽ ኮምጣጤ ጠብ ማድረግም ጣዕሙን ያነሳዋል።

ወተት ወይም ክሬም ጨምሬ ተቆራረጠብኝ፦ ረጅም ሙቀት አይችልም። እሳቱ ከጠፋ በኋላ፣ መጨረሻ ላይ ጨምሩት።

አንዱ ጎን ለስላሳ፣ ሌላው ጠንካራ ሆነ፦ ሥጋው ታጥፎ ነበር፣ ወይም ውፍረቱ እኩል አልነበረም። የደረሰውን ቁረጡና አውጡ፣ ሌላው ይቀጥል።

የተረፈውን ማቆየት

በ2 ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ ይግባ። የሴራሚኩን ድስት እንዳለ ፍሪጅ ውስጥ አታስገቡ፤ ሙቀቱን ስለሚይዝ መሃሉ ሳይቀዘቅዝ ይቆያል። ጥልቀት በሌለው ዕቃ ከነመረቁ ገልብጡት። 3 ወይም 4 ቀን ይቆያል፤ ፍሪዘር ውስጥ ከ2 እስከ 3 ወር። በማግስቱ ስቡ ከላይ ረግቶ ታገኙታላችሁ፣ በማንኪያ አንስታችሁ መጣል ብቻ ነው። ለእንግዳ የምታዘጋጁ ከሆነ እንዲያውም አንድ ቀን ቀደም ብላችሁ ሥሩት። የቀዘቀዘ ፍርምባ ሳይፈራርስ ንጹህ ሆኖ ይቆረጣል፣ ጣዕሙም ይዋሃዳል።

ስታሞቁ የተቆረጠውን በመረቁ አልብሳችሁ፣ በተከደነ መጥበሻ፣ በትንሽ እሳት ቢያንስ 74 ዲግሪ እስኪደርስ አቆዩት። ቴርሞሜትር ከሌላችሁ መረቁ ዳር ዳሩን ሲፈላና የሥጋው መሃል ሲያቃጥል ነው። በስሎው ኩከር መልሳችሁ አታሙቁት፤ ቀስ ብሎ ስለሚሞቅ ምግቡ ባክቴሪያ በሚራባበት ሙቀት ውስጥ ብዙ ይቆያል።